ሲኞሬው አይበሩም ያልኩ ቀን

ጻፊ እሺ። ግን እንደምናገረው ጻፊው፣ እንደ ትምህርት ቤት አታሳምሪው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስሜን መፈረም የተማርኩትም እዚሁ ሮማ፣ ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ ብዬ ነው። እሷው ፊርማ ናት ኋላ ጉድ የሠራችኝ።

አሎራ፣ እንግዲህ። የምነግርሽ ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነው። ሽማግሌውን ከሰማይ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፣ በደግነት ነው። በክፋት ቢሆን ይህን ያህል አይሳካልኝም ነበር።

ሮማ የገባሁት ቀይ ሽብር ጋብ ካለ በኋላ ነው። ደርግ ግን ገና ጉልበቱ አልዛለም። ሥራ ያገኘሁት ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ቤት ነው። ልጆቻቸው ሚላኖ ናቸው፤ ለገና ይመጣሉ፣ በልተው ይሄዳሉ። ሲኞሬው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፣ ሸጠው ጡረታ ወጥተዋል። ሀብታም እንዳይመስሉሽ፤ ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ነው የሚለብሱት። ግን አውሮፕላን አላቸው። ሲኞራዋ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ጣሊያንኛው አልገባኝም ይሆናል ብዬ ድንች መላጤን ቀጠልኩ። በእኔ አገር አውሮፕላን ያለው መንግሥት ነው፤ እሱም ያለው ለእኛ ጥቅም አልነበረም።

የሲኞሬው አውሮፕላን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ክንፉ ሸራ የሆነ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ነገር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቴቬሬ ወንዝ ዳር ሜዳ አለ፣ እዚያ ያቆሙታል። ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ ይመለሳሉ።

“የት ሄድክ?” ይላሉ ሲኞራዋ።

“ወደ ባሕሩ።”

“ምን አየህ?”

“ባሕር።”

ይኸው ነው ወሬያቸው። ሌላው ቀን ሁሉ ሲኞሬው እንደ በግ ናቸው። ደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል፤ ሲኞራዋ የጨዉን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር ያንጠለጥሉታል። እኔ ያለ ጨው እቀቅላለሁ፣ እሳቸው ያለ ቃል ይበላሉ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። እንዲህም ታዝዘው ግን ግፊቱ አይወርድም፤ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲኞራዋ ለእመቤታችን ሻማ ያበራሉ።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። በሮማ ሰማይ ላይ የሚበር ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድ ሣጥን እንዲያስገጥም ሕግ ወጥቷል። ሲኞሬው ምሳ ላይ በሹካቸው አስረዱን። ምድር ላይ ራዳር የሚሉት ነገር አለ፤ ሌት ተቀን እየዞረ “ማነህ? የት ነህ? ምን ያህል ከፍ ብለሃል?” ይላል። ሣጥኗ ትመልስለታለች። አብራሪው አፉን አይከፍትም።

“እስከ ዛሬስ እንዴት ነበር?” አልኳቸው።

“እስከ ዛሬ በራዲዮ ይጠይቁኛል፣ እኔ እመልሳለሁ።”

“ታዲያ ሣጥን ምን ያደርጋል?”

“የእኔ ምላስ አልበቃቸውም።”

ሣጥኗ ከነመግጠሚያዋ የአውሮፕላኗን ግማሽ ዋጋ ታወጣለች። ሲኞራዋ ማንኪያቸውን ወረወሩ። “ለዚያ ጨርቅ አንዲት ሊራ አላወጣም! የኩሽናዬ ጣሪያ እያንጠባጠበ አንተ ሰማይ ላይ ሣጥን ልትሰቅል?” ሲኞሬውም መለሱ፤ “ገንዘቡ አይደለም! ነጻነት ነው! ሰው በገዛ ሰማዩ ላይ የት እንዳለ ይጠየቃል?”

እኔ ሳህን እያነሳሁ በሆዴ ሳቅሁ። ወይ ነጻነት! እኔን ቀበሌ ማን ዘንድ እንዳደርኩ፣ ለምን ስብሰባ እንደቀረሁ፣ ስብሰባ ከመጣሁም ለምን ቀስ ብዬ እንዳጨበጨብኩ ይጠይቀኝ ነበር። ሲኞሬውን “ከፍታህ ስንት ነው?” አሏቸውና አለቀሱ። እኔን ከፍታሽ ስንት ነው ያለኝ ሰው የለም፤ ቢለኝ ደስታዬ ነበር።

ግን ደግሞ ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሜዳው ላይ ያሉት ባለ ትንሽ አውሮፕላኖች ሁሉ ተንጫጩ። ከነሱ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ አውሮፕላኑን በርካሽ ሸጠ። ሌላው አስተማሪ ነው፤ ሣጥኗን ለመግዛት ሞተር ብስክሌቱን ሸጠና አሁን አውሮፕላኑ ጋ የሚያደርሰው አጣ። ሲኞሬው በየቅዳሜው የአንዱን መርዶ ይዘው ይመጡ ጀመር።

ጣሊያን አገር ግን ሕግ ብቻውን አይወለድም፤ ፕሮሮጋ የሚሉት መንትያ አለው። ሕጉ “ዛሬ አድርግ” ይላል፣ ፕሮሮጋው “ከርሞ ይሁን” ይላል። አውሮፕላኑ አሮጌ የሆነ፣ እሱ ግን አሁንም የሚበር ሰው የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል ተባለ። ሲኞሬው ማመልከቻ አስገቡ። ቢሮው ደግሞ እውነት ይበሩ እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ይልካል። ይህን ለእኔ የነገረኝ የለም። ለሠራተኛ ማን ይነግራል?

አንድ ማክሰኞ ባልና ሚስቱ ወደ መቃብር ቦታ፣ ለሲኞራዋ እናት አበባ ሊያደርጉ ሄዱ። እኔ መስኮት ስወለውል ደወል ተደወለ። ስከፍት ኮፍያ ያደረገ፣ ቦርሳ የያዘ ቪጂሌ፣ የከተማው ደንብ አስከባሪ፣ ቆሟል። እጁ ላይ ወረቀት። የሲኞሬውን ስም ጠራ።

አሁን አንድ ነገር ላስገባ። አዲስ አበባ እያለሁ ወንድሜ ሦስት ወር ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ቦርሳ የያዘም፣ ጠመንጃ የያዘም እየመጣ “ወንድምሽ የት አለ?” ሲለኝ መልሴ አንድ ነው። የምን ወንድም? ወንድም የለኝም። እናቴ እኔን ብቻ ነው የወለደችው። ወንድሜ በዚያች ቃል ተርፎ ሱዳን ገባ። ስለዚህ ለእኔ “የለም” ማለት ውሸት አይደለም፣ ጸሎት ነው። ወረቀት የያዘ ሰው በር ላይ ሲቆም ምላሴ እኔን ሳያማክር ይነሳል።

“ሲኞሬው አሉ?” አለኝ ቪጂሌው።

“የሉም።”

“አውሮፕላን አላቸው አይደል?”

“የምን አውሮፕላን?”

“ይበራሉ ወይ?”

“እሳቸው? ኧረ ደረጃውም አልተቻላቸው!”

“ታመዋል?”

“በጣም።”

“ምናቸውን?”

አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ ምን ላድርግ። “ደማቸውን። እግራቸውን። ዓይናቸውንም። አልጋ ላይ ናቸው።”

“የሉም አላልሽኝም እንዴ አሁን?”

“ሐኪም ቤት አልጋ ላይ።”

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። “ፖቬሬቶ” አለ፣ ምስኪን ማለቱ ነው። ሁሉንም ጻፈ። “እዚህ ጋ ፈርሚ” አለኝ። ፈረምኩ፣ አሳምሬ። ለፔርሜሶ ያልሆነች የመጀመሪያ ፊርማዬ ናት። ደግሞ ለምን ሜዳው ሄዶ አልጠየቀም አትበይኝ፤ እኔም ኋላ ጠይቄአለሁ። ሜዳው ሩቅ ነው፣ የእኛ ቤት ደግሞ ከቢሮው ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው።

ሰውየው ሲሄድ በሩን ተደግፌ ተነፈስኩ። ሲኞሬውን ከመንግሥት አተረፍኳቸው! ደግ ሥራ አይወራም ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ቀን ምሳ ላይ ድንች ጨመርኩላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ሲኞሬው እራት ላይ በፈገግታ ከፈቱት፣ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። “በቤቱ ነዋሪ ቃል እንደተረጋገጠው፣ አመልካቹ የአልጋ ቁራኛ በመሆናቸው...” አሉና ቆሙ። ከላይ ደገሙት። “...ዓይናቸውም በመድከሙ...” ሲኞራዋ ወረቀቱን ነጥቀው ጨረሱት። ፕሮሮጋው ተከልክሏል። አውሮፕላኗ ከመሬት እንዳትነሳ። ሲኞሬውም የመብረር ፈቃዳቸው እንዲታይ ሐኪሞች ፊት ይቅረቡ። ሲኞራዋ ሳቁ፣ ሳቁ፣ በመሐረብ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

“የቤቱ ነዋሪ ማነው?” አሉ ሲኞሬው።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጭልፋ ይዤ ቆሜአለሁ።

“አንቺ ነሽ?”

“አላውቅም” አልኩ።

ኋላ ተናዘዝኩ እንጂ። የኮርኒሱን ነገር፣ የወንድሜን ነገር፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ሲኞሬው አልተቆጡም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ የመብረሪያ ጃኬታቸውን ለብሰው ኩሽና ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ባቄላ እፈለፍላለሁ፣ እሳቸው በመስኮት ሰማዩን ያያሉ። ደመና የሌለው ቀን ነበር፤ እግዜርም አንዳንዴ ሰው ያናድዳል። በሁለተኛው ቅዳሜ ጃኬቱንም አልለበሱም። በሦስተኛው ከአልጋ አልተነሱም። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። በአፌ የአልጋ ቁራኛ አደረግኋቸው፣ አሁን እውነትም ሊሆኑ ነው።

ቢሮ ሄጄ “ያልኩት ልክ አይደለም” ማለት አለብኝ። ግን ፔርሜሶዬ አለ። ሐሙስ ከሰዓት የእኛ የሠራተኞቹ ዕረፍት ነው፣ ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት፣ ምላሷ ምላጭ ናት።

“ዋሽቼ ነው ብለሽ መንግሥት ቢሮ ልትሄጂ? በእግርሽ?” አለችኝ።

“ምን ላድርግ ታዲያ?”

“ሂጂ! ፔርሜሶሽን ይቀሙሽና ወደ አገርሽ ያሳፍሩሻል። ደርግም ቦሌ ላይ አበባ ይዞ ይጠብቅሻል፣ የኮርኒሷ እመቤት ብሎ!”

“ሽማግሌው ሊሞቱ ነው እኮ።”

“ሽማግሌ ነዋ! እሳቸው በረሩ አልበረሩ ላንቺ ክንፍ አያበቅሉልሽም። ደርሶ ለነጭ ማዘን!”

ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አደርኩ። ወንድሜን የደበቅሁት እንዲኖር ነው። ሲኞሬውን ደብቄ ገደልኳቸው። በነጋታው ሄጄ የመኝታ ቤታቸውን በር መታሁ። “ሲኞሬ፣ ይልበሱ። ቢሮ እንሄዳለን።” አንድ ጊዜ አዩኝና ተነሱ።

ቢሮው ውስጥ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያወረደ ሹም ተቀምጧል። ወረቀቴን አወጣ። ፊርማዬ ከሩቅ ታየችኝ፣ እንዴት ታምራለች።

“ይህ ቃል ውሸት ነው?”

“ስህተት ነው” አልኩ።

“ለምን እንዲህ አልሽ?”

“በእኔ አገር ቦርሳ የያዘ ሰው ስለ ሰው ሲጠይቅ፣ መልሱ የለም ነው።”

በመነጽሩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ፔርሜሶ ሊለኝ ነው ብዬ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ጨበጥኩ። ሹሙ ግን “እዚህም እንደዚያው ነው” አለ። “እኛ ግን አንፈርምበትም።”

ከዚያ አዲስ ወረቀት ሳበ። “ቫ ቤኔ፣ እሺ። ሲኞሬው ሲበሩ አይተሻል?”

አሁንስ እውነት ልናገር ብዬ “አላየሁም” አልኩ። አላየሁማ! መቼ አየሁ?

ሲኞሬው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። “ሳታይ አይበሩም አልሽ። አሁን ሳታይ ይበራሉ ልትይ ነው? አይተሽ ነይ።” ለማረጋገጫ ተብሎ አንድ በረራ ተፈቀደና ማህተም ተመታ። ሲኞሬው ሐኪሞቹ ጋም ሄዱ፤ ዓይናቸው ከሐኪሙ ዓይን ይሻላል ተባለ።

የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሜዳው ሄድን። አውሮፕላኗን ከቆርቆሮ ቤቱ ያወጣናት እንደ ተበላሸ ታክሲ ገፍተን ነው። እኔ በጅራቷ በኩል ገፋሁ። “ሸራው ላይ እንዳትረግጪ!” ይሉኛል። እግሬ ሊበሳው በሚችል ነገር ነው እንግዲህ ሰማይ የምወጣው። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። ሚካኤል ሆይ፣ አልኩ፣ የአንተ ክንፍ የእሳት ነው፣ የዚህ ሰውዬ ግን ጨርቅ ነው፣ ከጎን ከጎን ሁን።

ተነሳን። ስንነሳ ጮህኩ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ ጩኸቱም ሰለቸኝና ዓይኔን ገለጥኩ። ሮማ በሩቁ እንደ ተሰጣ በርበሬ ቀልታለች። ሲኞሬው ሌላ ሰው ሆነዋል። ኩሽናዬ ውስጥ የነበሩት በግ የሉም፤ እያፏጩ ነው። ራዲዮው ተንኮሻኮሸና አንድ ድምፅ የት እንዳሉ ጠየቃቸው።

“ባሕሩ ዳር” አሉ ሲኞሬው። “ሺህ ጫማ ላይ።”

ወደ ታች አየሁ። ክብ ውሃ ነው፣ እንደ ሳህን። ዙሪያውን ኮረብታ።

“ሲኞሬ፣ ይሄ ባሕር ነው?”

“ሐይቅ ነው። ብራቻኖ።”

“ለሰውየው ባሕር አሉት እኮ።”

“አልኩት።”

“ጠፋብዎት?”

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጠፋብኝም።”

ሐይቁ ዳር፣ ላሞች በሚግጡበት ሣር ላይ አረፍን። አንዲት እረኛ ልጅ ላሞቹን ገለል አደረገችልን፤ እንደለመደች ነው የምታደርገው። ሜዳው ጫፍ ላይ አንዲት ምግብ ቤት አለች፣ ደጇ ላይ የብረት ጥብስ ማንደጃ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። “ዘገየህ! ሳልሲቻው ሊያር ነው!” ብለው ጮኹ። ሲኞሬው ተቀመጡ፣ ያን የአሳማ ቋሊማ ሳቡ፣ ጨው ዕቃውን ገለበጡና አራገፉበት። ሲበሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። እኔ አሳማ አልበላም፤ የሐይቅ ዓሣ ጠበሱልኝ። ወይን ሲቀዳላቸው ግን እጃቸውን ብርጭቆው ላይ ጋረዱ። “አብራሪ ነኝ” አሉ። “ሕግ ሕግ ነው።”

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሲኞራዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ስልክ ይደውላሉ። ሜዳው ያሉት በራዲዮ የተባሉትን ይነግሯቸዋል። ባሕሩ ዳር ናቸው ሲኞራ፣ ደህና ናቸው። ሣጥኗ ከገባች ግን ሐይቁን ሐይቅ ነው የምትለው። ዋጋዋ ብቻ አልነበረም ለካ የሲኞሬው ነጻነት።

“ታዲያ እኔን ምን ብለው አኮረፉኝ?” አልኳቸው። “እኔ አንድ ቀን ዋሸሁ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት።”

“የእኔ ውሸት ማንንም ከሰማይ አላወረደም” አሉኝ፣ አፋቸው ሞልቶ።

ሰኞ ቢሮ ሄጄ ሲበሩ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። የት እንደበረሩ አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም። ፕሮሮጋው ተሰጠ፣ አንድ ዓመት። ፔርሜሶዬን ያነሳብኝ የለም። ለጓደኛዬ ስነግራት “አበባው ደረቀብህ በሉት ደርግን” አለች።

የከበደኝ ሲኞራዋ ናቸው። የበረርን ዕለት ማታ ኩሽና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ኩሽና የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም።

“ባሕሩ እንዴት ነበር?”

“ውሃ ነው” አልኩ።

“ፈርተሽ ነበር?”

“ስንነሳ።”

“እኔ በየቅዳሜው ነው የምፈራው” አሉ። “ሠላሳ ዓመት። ሰዓቱን እያየሁ። ቢወድቅ የት ብዬ ነው የምፈልገው? ባሕር ሰፊ ነው።”

ምን ልበላቸው? ባሕር አይደለም፣ ከወደቁም ከሳልሲቻ አጠገብ ነው የሚወድቁት ልበል? የሰው ምስጢር ይዞ ዝም ማለት ዕድሜዬን ሙሉ የተካንኩበት ሥራ ነው። ያን ማታ ግን ሥራው አልሆንልኝ አለኝና ተነስቼ ሻይ ጣድኩ።

የሚያሳዝነው ጉዳዩን ያበላሹት ራሳቸው ሲኞሬው መሆናቸው ነው። ሲለፈልፉ በአፍ ይጠፉ። ፕሮሮጋው ደስ ብሏቸው፣ እኔም ምስጢራቸውን ስለማውቅ ልባቸው አብጦ፣ አንድ ምሳ ላይ ሣጥኗን መርገም ጀመሩ። “ይገባሻል? በየደቂቃው! በየትኛው ጣሪያ ላይ እንዳለሁ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ እንዳለሁ ያያሉ!” ከኋላቸው ሆኜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አልሰሙኝም።

ሲኞራዋ ማንኪያቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። “በየደቂቃው?”

“በየደቂቃው!”

“ብትወድቅም የወደቅህበትን?”

“ሜትሩን ሳይቀር!”

ሲኞራዋ ሾርባቸውን ጨረሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ሣጥኗ ዋጋ አንድ ቃል አልተናገሩም። የሚያንጠባጥበውንም ጣሪያ አላነሱም። ሲኞሬው ሚስቴ ለዘበች ብለው ደስ አላቸው።

ሲኞሬው የተሰየሙበት ቅዱስ በዓል ሲደርስ፣ ጣሊያኖች እንደ ልደት ነው የሚያከብሩት፣ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረ ካርቶን ተቀመጠ። ሲኞራዋ የእናታቸውን የወርቅ ሐብል ሸጠው ሣጥኗን ገዝተዋል። ሲኞሬው ሪባኑን ፈቱ፣ ከፈቱ፣ አለቀሱ። ሲኞራዋም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰው በሦስት ምክንያት ያለቅሳል። “አሁን የት እንዳለህ አውቃለሁ” አሉ ሲኞራዋ፣ ጉንጫቸውን እየሳሙ። ሲኞሬው “ግራትሲዬ” አሉ። ሌላ ምን ይላሉ?

ሣጥኗ ተገጠመች። በሜዳው የቀሩት ጥቂት አብራሪዎች ቀኑባቸው፤ ሚስቱ የገዛችለት ዕድለኛ አሏቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲኞሬው በረሩና ተመለሱ።

“ምን አየህ?” አሉ ሲኞራዋ።

“ባሕር” አሉ።

እውነታቸውን ነው። ኋላ ኩሽና መጥተው በሹክሹክታ “ሠላሳ ዓመት ስለ ባሕሩ አውርቼ አይቼው አላውቅም ነበር” አሉኝ። “ምንም የለበትም።” ሁለተኛውም ቅዳሜ ባሕር፣ ሦስተኛውም ባሕር። እየራባቸው ይመለሳሉ፣ የእኔን ጨው አልባ ሩዝ ይበላሉ። ግፊታቸው ወረደ። ሐኪሙ እጃቸውን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። ሲኞራዋ ለእመቤታችን ትልቁን ሻማ አበሩ። ሲኞሬው ግን ማፏጨት ተዉ።

ክረምቱ ሳይገባ አውሮፕላኗን ሸጡ። የገዛት ወጣት ኢንጂነር ነው፤ ሣጥን የተገጠመላት በመሆኗ ነው የወደዳት፣ ሸራዋን ቀና ብሎም አላየው። ሲኞራዋ ደነገጡ።

“ለምን? ሣጥኑ ተከፍሏል እኮ!”

“ውድ ነው” አሉ ሲኞሬው።

“ተከፍሏል አልኩህ!”

“ቢከፈልም ውድ ነው።”

በገንዘቡ የኩሽናው ጣሪያ ተጠገነ። ሐብሉንም ፈልገው መልሰው ገዙላቸው። ሲኞራዋ ባለቤቴ አርጅቷል ብለው አዘኑ፤ ደግሞም ቅዳሜ ሰዓት ማየት ስለቀረላቸው ወፈሩ። እኔ እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም። ይህን የምናገረው ዛሬ ላንቺ ነው።

አንድ ረቡዕ ሲኞሬው ኩሽና ገቡና በሩን ገጠሙ። “ወደ ሐይቁ በምድር እንዴት ነው የሚኬደው?” አሉኝ። ሠላሳ ዓመት መንገዱን ከላይ ብቻ ነው የሚያውቁት። እኔ ማንበብ አልችልም፣ የሮማን አውቶቡስ ግን በመልኩ ነው የማውቀው፤ የማላውቀውንም ጠይቄ አገኛለሁ። በማግስቱ ሐሙስ ነው፣ የእኔ ዕረፍት። ለሲኞራዋ “ከሷ ጋር ኩዌስቱራ እሄዳለሁ፣ ፔርሜሶዋን ልታሳድስ ነው” አሏቸው። የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱን የኩዌስቱራን ሰልፍ የሚጠራጠር ሰው የለም፣ እስከ ማታ ብንቆይ ማን ይገርመዋል።

ሁለት አውቶቡስ ቀየርን። መንገዱን እኔ መራሁ። ሲኞሬው ቲኬታቸውን እንደ ሕፃን በእጃቸው ጨብጠው መስኮት ዳር ተቀመጡ። “በየመቶ ሜትሩ ይቆማል እንዴ?” ይሉኛል። “ደግሞ ሁሉም ሰው ያየናል!” ኮረብታው ላይ ስንወጣ ግን ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውቶቡስ መስኮት አዩትና ገረማቸው።

ሽማግሌዎቹ ማንደጃው አጠገብ ነበሩ። ሲያዩን መጀመሪያ ወደ ሰማይ ቀና አሉ፣ ቀጥሎ ወደ ሣሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ።

“አውሮፕላንህን የት አቆምከው?” አላቸው አንዱ።

“ዛሬ እሷ ናት ያበረረችኝ” አሉ ሲኞሬው፣ ወንበር ስበውልኝ።

ተቀመጥኩ። የመጨረሻው አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ነበረን፤ ሲኞሬው ሲበሉ ሰዓቱን የማየው እኔ ሆንኩ።